ከሦስተኛው ዐምድ የተዛቀ ዱቄት

መኳንንት ውሸታም ሲሉት ይቀየማል። በራሱ ሚዛን ወሬ ያጣፍጣል እንጂ አይዋሽም። ከየመን በጀልባ ሲሻገር ሞተሩ ባሕር መሀል ጸጥ ብሎ፣ አንድ ዓሣ ነባሪ በግንባሩ እየገፋ ጂዛን ዳርቻ እንዳደረሳቸው ያወራል፤ ዓሣ ነባሪው ሲደክመው ተሳፋሪው በእጁ እየቀዘፈ እንዳገዘው ሁሉ አይረሳም። ከስድስተኛ ክፍል ለምን አቋረጥክ ቢሉት፣ መምህሩ "ከእንግዲህ የማስተምርህ አላገኘሁም" ብለው እያለቀሱ ሸኙኝ ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ዕጣው ወስዶ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ጠራጊ አደረገው። በመጀመሪያው አፈሳ ጊዜ፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ ከየመንገዱ ሲለቀም፣ አንድ የጽዳት ተቋራጭ ካፊል፣ ዋስ አሠሪ፣ ሆኖት ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ኾባር ከተማ ዳር ያለውን ያን ትልቅ አዳራሽ ይጠርጋል። ተማሪ የሚመረቅበት፣ የክብር እንግዳ ወርቀ ዘቦ ካባ ደርቦ የሚገባበት፣ ቀይ ወንበሩ እንደተሰጣ በርበሬ የተዘረጋ አዳራሽ ነው። ወንዶቹ ከታች፣ እናቶችና እኅቶች ፎቅ ላይ ከጥቁር መስታወት ጀርባ ይቀመጣሉ።

የአዳራሹ ታሪክ በሩ ላይ በእብነ በረድ ተቀርጿል። ኃላፊው ሱዳናዊው ኡስታዝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያንኑ ያነቡታል፦ ቦታው ባሕር ነበር፣ በአሸዋ ተሞላ፣ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፣ አዳራሹ ቆመ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተመረቁ። ኸላስ፣ አለቀ። መኳንንት ይህን ሲሰማ አንጀቱ ያርራል። እንዲህ ባለ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ታሪክ! ስለዚህ መጥረጊያውን ተደግፎ የጎደለውን እሱ ይሞላል። ለባንግላዴሾቹ ከመድረኩ ሥር ሉል የጫነች ጀልባ እንደተቀበረች፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ሉሉ ሲንኳኳ እንደሚሰማ ነገራቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ወለሉ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ተገኙ። ዕቃ ቤት ሸራ ለብሶ የቆመውን ፒያኖም አልማረውም። ፒያኖው እንኳ እውነት ነው። አዳራሹ ሲሠራ ከመድረኩ ዕቃ ጋር መጥቶ፣ ያን ጊዜ በመድረክ ላይ ሙዚቃ ስለማይነካ፣ ከሸራው ሳይወጣ ዓመታት ቆየ። መኳንንት ግን "ኤሲው ሲጠፋ ይተክዛል፤ ከዚያ ራሱን በራሱ ይመታል" ብሎ ስላስወራበት የዕቃ ቤቱ ዘበኛ ቦታ ቀይሩልኝ ብሎ አመለከተ።

እስከዚህ ማንም አልተጎዳም። ጉዱ የመጣው ከሦስተኛው ዐምድ ነው።

አንድ የምረቃ ሰሞን መኳንንትና የሥራ ጓደኛው ሙሕሲን የሰንደቅ መስቀያ መንጠቆ እንዲተክሉ ታዘዙ። በግራ በኩል ሦስተኛውን ዐምድ በስተው ሲጨርሱ ለካ የታዘዙት አራተኛውን ኖሯል። ሙሕሲን የወሎ ልጅ ነው፤ ሶላቱም ቀልዱም አያመልጠውም።

"ወላሂ ኡስታዝ ካዩን ዛሬውኑ ኹሩጅ ነው፤ ጠርዘው ወደ አገር ይልኩናል" አለ።

መኳንንት ጀሶ በጥብጦ ቀዳዳውን ደፈነ፤ በጣቱም አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ጠረገው። ሲደርቅ በዐምዱ ላይ መስቀል የመሰለ ነጭ ነገር ጉብ ብሎ ቀረ። የተረፈውን ደረቅ ጀሶ በፌስታል ቋጥሮ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ምረቃ ነበር። የሴቶቹን ፎቅ ወንድ ስለማይገባበት ለዚያ ቀን ብቻ የሚያጸዱ ጥቂት ሐበሻ ሴቶች ይጠራሉ፤ ሲያርፉም ከዚያው ዐምድ ጀርባ ነው የሚቀመጡት። ከእነሱ መሀል መታሰቢያና ሙሉብርሃን ነበሩ። መታሰቢያ የእስቴ ልጅ ናት። ከክፉ ማዳም ቤት ሸሽታ፣ ማዳሟ ሁሩብ፣ ጠፍታለች፣ ብላ አስመዝግባባት፣ ቱቅባ በሚባለው የስደተኛ ሰፈር በጋራ ክፍል ተጠግታ የተገኘውን ትሠራለች። አብራት የምትኖረው ሙሉብርሃን የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ ምላሷ ምላጭ፣ እንደ መታሰቢያ ሁሉ ወረቀት የሌላት ናት።

ሳምንቱ ሕማማት ነበር። መታሰቢያ ዳቦዋን እየቆረሰች "የሚሰግዱበት ደጅ የሌለበት አገር" አለች። "ስግደቴን መታጠቢያ ቤት ዘግቼ ሰገድኩ። እሱ ይቅር ይበለኝ እንጂ ያ ምን ደጀ ሰላም ይባላል?" ቀና ስትል ነጩን ምልክት አየች። "መኩ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

መልሱ "ተሳስተን በስተን ደፈንነው" የሚል ነበር። ለመኳንንት እንዲህ ያለ መልስ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

"ዝም! ማን አሳያችሁ?" አለ ግራ ቀኝ እየተገላመጠ። "ይህ ቤት ሲሠራ ወልደየስ የሚባል ግንበኛ ነበረ፣ የእኛው ሰው። ዐምድ ያቆማሉ፣ ባሕሩ ከሥር ይስበዋል፤ ያቆማሉ፣ ይስበዋል። መሐንዲሶቹ ከነኮምፒውተራቸው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ ወልደየስ ከአንገቱ የአያቱን መስቀል ፈትቶ እዚህ ዐምድ ውስጥ ከተተና ገነባበት። በማግስቱ ቤቱ ቀጥ! ይህን ምልክት በየዓመቱ ቀለም ይቀቡታል፤ ቀለሙን በልቶ ይወጣል።"

"ሰውየውስ?" አለች ሙሉብርሃን።

"ሰውየውማ ሥራውን ጨረሰና በዐምዱ በኩል ገባ። አልወጣም።"

"ከነቱታው?"

"ከነቱታው።"

ሙሉብርሃን ዳቦው ከአፏ እስኪረጭ ሳቀች። "ታዲያ ኢቃማው ላይ መኖሪያ አድራሻ ዐምድ ብለው ጻፉለት?"

መታሰቢያ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ጫማዋን አወለቀች፤ ሕማማት ነውና ሳትስመው ግንባሯን ብቻ ዐምዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዞራ፣ ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ፣ "እምነት የለውም?" አለች። "ከጎድን አጥንቴ ሥር የሚወጋኝ ነገር አለ። ወረቀት የሌለው ሰው ሐኪም ቤት አይሄድ።"

አገር ቤት ቢሆን ከጠበሉ ደጅ የሚዛቀውን፣ እምነት የሚሉትን አፈር ነበር የምትለምነው። የመኳንንት እጅ ከልቡ ቀደመ። ፌስታሉን ከኪሱ አወጣና "ይኸው፣ ዐምዱ ራሱ ያራገፈው ነው" አላት። እሷ ጠበል እንደሚቀበል ሰው እጆቿን ደራርባ ተቀበለች። መኳንንት ሳቁን ሊካፈል ከጎኑ ወደ ነበረው ሙሕሲን ዘወር አለ። ሙሕሲን ወለሉን ያያል።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሙሕሲን "ያ አኺ፣ ወንድሜ" አለው፣ "እኔ ክርስቲያን አይደለሁም። ግን በዚህ አይቀለድም።"

"ነገ ትረሳዋለች፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

አልረሳችም።

ዓመት ከረመ። መንግሥት ወረቀት የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት ያለ እስር ወደ አገሩ ይግባ ብሎ ምሕረት ያወጀበት ጊዜ መጣ። ቱቅባ ሻንጣ በሻንጣ ሆነ፤ ብርድ ልብስ የሚጠቀልለው፣ ቴሌቪዥን በካርቶን የሚያስረው፣ ማዳሟን ሰድባ ማታ የምትታረቀው። መኳንንት እንደ ሰው ሊሰናበት አንድ ዓርብ ሐብሐብ አቅፎ እነ መታሰቢያ ጋ ሄደ። ሻንጣዋ አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ አገኘው። እሷ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። የዓይኗ ነጩ የበሰለ ሎሚ መስሏል።

"አልሄድም አለች" አለች ሙሉብርሃን ሐብሐቡን እየተቀበለች። "እስቲ አንተ ንገራት፤ ያንተ ግድግዳ ነው የያዛት።"

"የእኔ ምን?"

መታሰቢያ ፈገግ አለች። "ሐኪሜን ትቼ የት እሄዳለሁ፣ መኩ? ስለትም አለብኝ። ሕመሙን ካነሣልኝ የወርቅ ዘርፍ ጥላ አገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ሳይሽረኝ ብሄድ ማን ያድነኛል?" ከራስጌዋ የውሃ ጠርሙስ አንሥታ አሳየችው። ከታች ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። "በጥቂት በጥቂቱ ነው የምጠጣው፣ እንዳያልቅብኝ። መጀመሪያ ሰሞን እኮ ትቶኝ ነበር።"

መኳንንት ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው። ጀሶን ያውቀዋል። ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን በእጁ ያውቀዋል። ይህቺ ሴት ዓመት ሙሉ እሱ ኪስ ውስጥ የነበረ ግድግዳ ስትጠጣ ኖራለች።

"መቴ" አለ። "ያ ነገር ጀሶ ነው። ተሳስተን የበሳነውን የደፈንኩበት ጀሶ። ወልደየስ የሚባል ሰው የለም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።"

ሙሉብርሃን በሳቅ ፈረሰች። "በሉ ስሙ! አምና መስቀል፣ ዘንድሮ ጀሶ፣ ከርሞ ደግሞ መኮሮኒ ነው ሊለን ነው። ዓሣ ነባሪህስ ደኅና ነው?"

መታሰቢያ እጁን ያዘችው። የእጇ ትኩሳት ፈጀው። "ልሄድልህ ብለህ ነው፤ ገብቶኛል። ግን ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ በመስቀሉ ላይ አትዋሽ። ኃጢአት ይሆንብሃል።"

እንዴት ከዚያ ቤት እንደወጣ አያውቀውም። እህል አስጠላው። አዳራሹን ሲጠርግ ሦስተኛው ዐምድ ጋ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል፤ መጥረጊያው ራሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ይከብደዋል። ወሬውን ያቆመ ጊዜ ባንግላዴሾቹ ታመምክ ወይ ብለው ሻይ አመጡለት።

"ነገርኳት እኮ" አለው ሙሕሲንን። "እውነቱን ነገርኳት፣ አላመነችኝም።"

"እውነት ካንተ አፍ ስትወጣ መንገዱን አታውቀውማ" አለ ሙሕሲን። "እስከ ዛሬ አሳልፈሃት ታውቃለህ? ምሕረቱ ሲዘጋ ሴትየዋ እዚህ ትሞታለች፤ አላህ ፊት አንተ ነህ የምትቆመው። በምታውቅበት መንገድ አውጣት።"

በሚያውቅበት መንገድ። መኳንንት ይህን ሲሰማ ማልቀስ አማረው።

በነጋታው መሮ ይዞ ሦስተኛውን ዐምድ የደፈነበትን ጀሶ ፈነቀለ። በውስጡ ጥቁር ቀዳዳ ብቻ። በስልኩ ፎቶ አነሣው። ኡስታዝ ደርሰው "ሙሽኪላ! ሙሽኪላ ከቢራ!" እያሉ አዳራሹን በጩኸት ሞሉት፤ መኳንንት አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ አልፈጠረም። ከእንግዲህ የመድረክ ሥራ እንዳይነካ፣ መታጠቢያ ቤት ብቻ እንዲያጸዳ ፈረዱበት። ሲያንሰው ነው አለ በሆዱ።

ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቱቅባ ሄደ። ፎቶውን ለመታሰቢያ አሳያት።

"ሄዷል" አላት።

"ማን?"

"መስቀሉ። ምሕረቱን እሱም ሰማ። ዐምዱን ብነካው ቀዝቅዟል፤ ምልክቱ ረግፎ ባዶውን አገኘሁት። ያለ ኢቃማ ያን ሁሉ ዓመት ሲሚንቶ ውስጥ ተደብቆ ኖረ፣ አሁን በሩ ሲከፈት ቀድሞ ወጣ። ወልደየስም አብሮት ገባ፤ አገሩ።"

ሙሉብርሃን አፏን ከፍታ ነበር። የመታሰቢያን ፊት አይታ ዘጋችው።

መታሰቢያ ፎቶውን ይዛ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። "ለካ እሱም እንደኛው ነው" አለች። "ለካ እሱም ተደብቆ ነው የኖረው።"

ይህች ቃል መኳንንትን ከጀሶው ይልቅ ከበደችው። ግን ጀምሯል፤ ውሸት ደግሞ ቁልቁለት ነው። "የት ገባ?" ስትለው ስሙን በደንብ የሚያውቀው አንድ ደጅ ብቻ ነበር፤ የተወለደበት ሸመል ሜዳ ሚካኤል። እሱን ጠራ። ቶሎ ብሎም ጨመረበት፦ "ግን ሐኪም ሳያያት ከደጄ አትድረስ ብሏል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጥላው።"

በዚያው ሳምንት የመውጫ አሻራ ሰጠች። ሙሕሲን በሚያውቀው ሰው መኪና ደማም አውሮፕላን ማረፊያ አደረሷት። ስትለያቸው የመኳንንትን ግንባር ስማ "አንተ ባትኖር ወዴት እሆን ነበር" አለችው። ሲመለሱ ሙሕሲን ዳሽቦርዱ ላይ የነበረውን ውሃ አንሥቶ ሰጠው።

ምሕረቱ ተራዝሞ፣ ተራዝሞ ተዘጋ። ሌላ ዓመት ገባ፤ አገሩም ተለወጠ፤ በመድረክ ላይ ሙዚቃ ተፈቀደ። አንድ ቀን ኡስታዝ የፒያኖው ሸራ ይገፈፍ አሉ። ፒያኖው በስድስት ሰው ተገፍቶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከውጭ የመጣ መቃኛ ያለው ሰው ከፍቶ ሆዱን ይጎረጉር ጀመር። የአዳራሹ እብነ በረድ ላይ አንድ መስመር ሊጨመር ነው ተባለ። መኳንንት መታጠቢያ ቤቱን ትቶ በበሩ ስንጥቅ ሲያይ ስልኩ ጮኸ። በኢሞ ቪዲዮ መታሰቢያ ናት። ፊቷ ሞልቷል፣ ዓይኗ ነጥቷል።

"ተቀደድኩልህ" አለች። "ባሕር ዳር ነው የቀደዱኝ። ጠጠር አወጡልኝ፤ በጠርሙስ ሰጥተውኛል፣ ላሳይህ?"

መኳንንት ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጠጠር! ጀሶው ሆዷ ውስጥ ደርቆ! "መቴ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሁሽ..."

"ዝም በል፣ የሐሞት ጠጠር ነው። ዶክተሩ የቆየ ነው አለኝ፤ ካንተ ዱቄት በፊት የነበረ። ስለ ዱቄቱም ነግሬዋለሁ። አገር ቤት ሰው በእንጀራ ጀሶ አበሉን ብሎ ይጮሃል፣ እኔ ሴትዮዋ በጠበል ጠጥቼ መጣሁ።"

መኳንንት ቃሉን ልብ አለ። ጀሶ አለች።

"ሸመል ሜዳ ሄድኩ" አለች። "ጥላዬን ይዤ። ቄሱ እንዲህ ያለ መስቀል አልመጣም አሉ። ማን ላከሽ ቢሉኝ መኳንንት ብል ወደ እናትህ ቤት መሩኝ። እትዬ ስምህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። 'ልጄ፣ እሱ እኮ የሞተች አህያችን ተነሣች ብሎ ቀብር ላይ የነበረውን አገር ሁሉ አስጥሎ ያስሮጠ ነው' አሉኝ።"

"ይቅር በይኝ።"

"አልተቆጣሁም ብልህ ውሸት ይሆናል፤ አንድ ውሸታም ይበቃናል። ጥላውን ግን ሰጥቼ መጣሁ። የተሳልኩት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለግድግዳህ አይደለም።" ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። "የደወልኩት ለእኔ ብዬ አይደለም። ሙሉብርሃንን አግኝተሃታል?"

"አላገኘኋትም። እሷ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ስሄድ የተረፈውን ዱቄት እሷ ወሰደችው። ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ምሕረቱ ሳይዘጋ 'ነይ እንጂ' ብላት 'መስቀሉ ቢሄድ ዱቄቱ ቀርቶልኛል፤ ይህን ይዤ ፖሊስ አያየኝም' አለችኝ። ዛሬም እንዲያ ነው የምትለኝ። እኔ ብነግራት 'ከዳሽው' ብላ ዘጋችብኝ።"

"ሙሉብርሃን? እሷ እኮ ስትስቅብኝ ነበር!"

"ሳቀች እንጂ አላመነችም መቼ አለችህ?" አለች መታሰቢያ። "በምላስህ አይሆንም። ሌላ ነገር ፈልግ።"

ምስሏ ጠፋ። መድረኩ ላይ ሰውየው አንድ ድምፅ መታ። አዳራሹ ያን አንድ ድምፅ ይዞ ቆየና ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ሙሕሲን ከወንበሮቹ መሀል "መኩ! ተከዘ! ፒያኖህ ተከዘ!" ብሎ ተጣራ። መኳንንት ዕቃ ቤት ገብቶ ከጀሶው ጆንያ በፌስታል ሞልቶ ወጣ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቱቅባ ደረሰ። ሙሉብርሃን በሩን ጠበብ አድርጋ ከፈተች፤ መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ሳበችው። ከስታለች። አቡጀዲ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠሮው አለ፤ ስታወራ በጣቶቿ ትነካካዋለች።

"የዓሣ ነባሪው ጌታ! ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?"

መኳንንት ከመደርደሪያዋ የፕላስቲክ ሳህን አወረደ። ጀሶውን ዘረገፈ፣ ውሃ ጨመረ፣ በማንኪያ አማሰለ። ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከጎኑ ቁጭ አለ።

"ምን እያደረግክ ነው? እብድ ሆንክ?"

"ቁጭ በይ። አንድም ቃል አልናገርም፤ ብቻ ተመልከቺ።"

መጀመሪያ ቀለደች። ከዚያ ሰደበችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ከውጭ የቱቅባ መኪና ጥሩንባ፣ ከላይኛው ፎቅ የሕንድ ሽሮ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር መንቀጥቀጡን ተወ፤ ሞቀ፤ ከዳር እስከ ዳር ጠነከረ። መኳንንት ማንኪያውን ሳበ። ሳህኑ አብሮት ተነሣ።

ሙሉብርሃን ሻሿን ፈታች። ከቋጠሮው ትንሽ ዱቄት መዳፏ ላይ አፈሰሰች፣ ምራቋን እንትፍ አለችበት፣ በጣቷ አሸችው፣ ጠበቀች። ጣቷን ቀና አድርጋ ስታየው ጥፍሯ ሥር ነጭ ደረቅ ልባጥ ሆኖ ተሰንጥቋል።

ጮክ ብላ ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ጉንጩን ሁሉ አዘጋጀ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገችና ሕፃን እንደሚጠይቅ በቀስታ ጠየቀችው።

"ሌላ ምሕረት ይመጣ ይሆን፣ መኩ?"

ወሬው መጣለት። እንደ ወትሮው ሙሉ ሆኖ፣ ተለብጦ፣ ቅመሙ ተጥሎበት መጣለት፦ ለበዓል ሊታወጅ ነው፣ ኡስታዝ በጆሮዬ ነገሩኝ፣ እነሱ ቤት የሚሠራ ሰው በዓይኑ ወረቀቱን አየ። ምላሱ ላይ ደረሰ። ትስቅ ነበር፤ ማታ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

"አላውቅም" አለ።

እሷ አንገቷን ነቀነቀች። እሱም የደነደነውን ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ማንኪያውን ሊያስለቅቅ እየታገለ፣ ሂድ እስክትለው ድረስ እዚያው ተቀመጠ።